የጡት ካንሰር ስቴም ሴሎች እንደ ሕክምና ዒላማ

በአንድ የጡት ዕጢ ውስጥ ያሉ የካንሰር ሴሎች አቅማቸው እኩል አይደለም። አብዛኞቹ ለተወሰነ ጊዜ ተባዝተው ያቆማሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ራሳቸውን እየተኩ ሙሉውን ዕጢ እንደገና ማብቀል ይችላሉ። የካንሰር ስቴም ሴሎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እነማይክል ክላርክና ማክስ ዊቻ በሴል ገጽ ላይ ከሚገኙ መለያ ፕሮቲኖች ሲዲ44 ያላቸውን፣ ሲዲ24 ግን የሌላቸውን ወይም ያነሰባቸውን ሴሎች ከታካሚዎች ዕጢ ለይተው በሽታ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ አይጦች ላይ ሞከሩ። ከእነዚህ 100 ያህሉ ብቻ ዕጢ ሲያበቅሉ፣ ከቀሩት ሴሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት አላበቀሉም። በ2007 አልዲኤች1 የተባለው ኢንዛይም ሌላ መለያ ሆኖ ተጨመረ፤ ሁለቱ መለያዎች የሚያወጧቸው ሴሎች ግን የሚገጣጠሙት በከፊል ነው።

ኬሞቴራፒ በዋናነት የሚመታው በፍጥነት የሚከፋፈሉትን ነው። ስቴም ሴሎቹ ቀስ ብለው ይከፋፈላሉ፣ መድኃኒቱን ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ የተጎዳ ዲኤንኤያቸውንም ይጠግናሉ። በ2008 በወጣ ጥናት ከ12 ሳምንት ኬሞቴራፒ በኋላ የሲዲ44 ሴሎቹ ድርሻ በአማካይ ከ4.7 ወደ 13.6 በመቶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ዕጢው መቀነሱ ብቻውን አያስተማምንም።

በላብራቶሪ የተለመደው መፈተሻ ማሞስፌር ነው፦ ሴሎቹ አንድ በአንድ ተነጣጥለው፣ መጣበቅ በማይችሉበት ሳህን፣ ሴረም (ከደም የሚወጣ ፈሳሽ) በሌለው የማሳደጊያ ፈሳሽ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆዩና ከ50 ማይክሮሜትር የሚበልጡ ድብልብሎች ይቆጠራሉ። ሴል ከበዛ ወይም ሳህኑ ከተነቃነቀ ሴሎቹ ተጠጋግተው ይጣበቃሉ፤ ያኔ የሚቆጠረው ክምችት እንጂ ከአንድ ሴል የበቀለ ድብልብል አይደለም። ድብልብሎቹን በትኖ ዳግም መዝራት የግድ ነው፤ ራስን መተካት የሚታየው በሁለተኛው ዙር ነው።

መድኃኒቶቹ እስካሁን ተስፋ የተጣለባቸውን ያህል አልሄዱም። ለዶሮ በሽታ የሚሰጠው ሳሊኖማይሲን በ2009 በላብራቶሪ ከተለመደው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ከፓክሊታክሴል እጅግ የበለጠ የስቴም ሴሎቹን ድርሻ ቢቀንስም ለሰው መርዛማ ነው። ኖች የተባለውን፣ ሴሎች ራሳቸውን ለመተካት የሚጠቀሙበትን መልእክት የሚዘጉት መድኃኒቶች አንጀትም በዚሁ መልእክት ስለሚታደስ ከባድ ተቅማጥ ያስከትላሉ፤ ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት ሰጥተው ለጥቂት ቀናት ማቋረጥን የሞከሩት ለዚህ ነው። ስቴም ሴሎቹን የሚደግፍ የብግነት መልእክትን የሚዘጋው ሪፓሪክሲን ከፓክሊታክሴል ጋር በተሰራጨ ትሪፕል ኔጌቲቭ ካንሰር (ሦስቱ የተለመዱ የሕክምና ዒላማ ተቀባዮች በሌሉበት የጡት ካንሰር) ተሞክሮ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ አላራዘመም።

ትልቁ ፈተና ሌላ ነው፦ ተራ የካንሰር ሴል ተመልሶ ስቴም ሴል ሊሆን ይችላል። ስቴም ሴሎቹን ብቻ የሚገድል መድኃኒት ቦታቸው ከቀሩት ሲተካ ያያል፤ ብዙኃኑን ከሚመታ ኬሞቴራፒ ጋር በአንድ ላይ መስጠት የተመረጠውም ለዚህ ነው።