የደን ኦዲት በየስንት ጊዜው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሰርተፊኬቱ የ5 ዓመት ስለሆነ ኦዲቱም በየ5 ዓመቱ ነው።»
የኤፍኤስሲ (ደን በኃላፊነት እንዲተዳደር መስፈርት የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ድርጅት) የደን አስተዳደር ሰርተፊኬት 5 ዓመት የሚጸናው በመካከሉ በየዓመቱ የክትትል ኦዲት ከተደረገ ብቻ ነው። ዋናው ምዘና ደኑን በ10ሩም የኤፍኤስሲ መርሆዎች ይመዝነዋል። የክትትሉ ኦዲት ደግሞ ያለፈው ጉድለት መታረሙን፣ አዲስ የተቆረጠውን ቦታና የነዋሪዎችን አቤቱታ ያያል። ለትናንሽ ደኖች በአንዳንድ ዓመታት የመስክ ጉብኝቱ በሰነድ ምርመራ ሊተካ ይችላል።

«ጉድለት ቢገኝ እስከሚቀጥለው ኦዲት ጊዜ አለ።»
ይህ የሚሠራው ለቀላል ጉድለት ነው፤ እሱም በአንድ ዓመት ውስጥ ካልታረመ ወደ ከባድ ይሸጋገራል። ለከባድ ጉድለት የሚሰጠው 3 ወር ነው፤ ካልታረመ ሰርተፊኬቱ ይታገዳል። ብዙዎች የሚወድቁት ምልክቱን ብቻ አርመው ምንጩን ስለሚተዉ ነው። ቆራጮች ያለ መከላከያ ቆብ ሲሠሩ ከተገኙ ቆብ ገዝቶ ማደሉ አይበቃም፤ የኮንትራክተሩ ውል ግዴታውን ይዟል ወይ? በየቀኑ የሚቆጣጠረውስ ማን ነው?

«ኦዲተር ቶሎ ቶሎ ከመጣ ደኑ ተጠበቀ ማለት ነው።»
ትልቁ ስሕተት ይህ ይመስለናል። ከቁጥሩ ይልቅ ወቅቱና ቦታው ይወስናሉ። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ሁልጊዜ በበጋ የሚመጣ ኦዲተር መንገዱን ደረቅና ደህና አድርጎ ያየዋል፤ የግንድ ማውጫው መንገድ በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ሲሸረሸር፣ አፈሩም ወንዝ ሲገባ አያይም። ስለዚህ አንዱ ጉብኝት ቆረጣው እየተካሄደ ሳለ፣ ሌላው ከከባድ ዝናብ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የሚታየውን ቦታ ከካርታ ላይ የሚመርጠው ኦዲተሩ እንጂ ሥራ አስኪያጁ መሆን የለበትም። ጉቶ ተቆጥሮ ከቆረጣ ፈቃዱ ጋር ይመሳከር፤ በወንዝ ዳር የተተወው ስፋት በሜትር ይለካ፤ ሠራተኛውም አለቃው በሌለበት ይጠየቅ። ከቃጠሎ ወይም ከከባድ አቤቱታ በኋላ ደግሞ ዓመቱ እስኪሞላ አይጠበቅም።

«ማኅበሩ ራሱ ይጠብቀዋል፤ የውጭ ሰው አያስፈልግም።»
በአሳታፊ የደን አስተዳደር የአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበር ከመንግሥት ጋር ተፈራርሞ ጥበቃውን ያካሂዳል። የጥበቃ መዝገቡ ውድ መረጃ ነው፤ ገለልተኛው ኦዲት የሚፈትሸውም እሱን ነው። መዝገብ ከሌለ በአንድ ሳምንት ጉብኝት የዓመቱን ሥራ ማወቅ አይቻልም።

«ክፍያው ከተመርማሪው ስለሆነ ኦዲቱ ከንቱ ነው።»
ስጋቱ እውነተኛ ነው። መርማሪ ድርጅቶቹ ራሳቸው ኤኤስአይ በሚባል ተቋም የሚመረመሩት ለዚህ ነው። የኦዲቱ ማጠቃለያ ለሕዝብ ይፋ ስለሚሆን፣ በአካባቢው ያለ ነዋሪ አንብቦ ያልተነካ ነገር ካገኘ አቤቱታውን በቀጥታ ለመርማሪው ድርጅት ማቅረብ ይችላል።