«የተማረ ይግደለኝ»፦ ሞትን እንኳ ከአዋቂ እጅ የመረጠ አባባል

ሐኪሙ ሕመሙን ረጋ ብሎ ሲያስረዳን፣ መካኒኩ ሞተሩን ሳይበታትን ብልሽቱን ሲያገኘው፣ ዳኛው ፈርዶብንም ቢሆን ምክንያቱን በወጉ ሲነግረን ከአፋችን የምታመልጥ አባባል አለች፤ «የተማረ ይግደለኝ!» አድናቆት መሆኗን ሁሉም ያውቃል። አማርኛን አዲስ የለመደ እንግዳ ግን ቢሰማት ክው ይላል። ሰው የወደደውን «ኑርልኝ» ይለዋል እንጂ እንዴት «ግደለኝ» ይለዋል?

አማርኛ ፍቅርንና አክብሮትን በሞት መለካት ልማዱ ነው። እናት «ሞቴን ካንተ በፊት ያድርገው» ትላለች፣ ወዳጅ «ልሙትልህ» ይላል፣ የሚምል ሰው ደግሞ የሚወደውን ስም ጠርቶ «እገሌ ይሙት» ይላል። «የተማረ ይግደለኝ» ግን ከእነዚህ ትለያለች። ተናጋሪው ለተማረው ሰው ሊሞትለት አልተነሣም። የሚለው ሌላ ነው፦ ክፉ ነገር መምጣቱ ካልቀረ ከማን እጅ እንደሚመጣ ልምረጥ።

አባባሏ ብቻዋን አልተወለደችም፤ ሁለት ዘመዶች አሏት። አንደኛዋ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው አንዷ የሌላዋ ግልባጭ ሆና ትገኛለች። የማያውቅ ሰው ፍቅሩ እንኳ ያቆሽሻል፣ የሚያውቅ ሰው ክፋቱ እንኳ ይቻላል። ሁለተኛዋ ዘመድ ከችሎት የመጣች ናት፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች»። በቅሎ ለባላገር ትልቅ ሀብት ናት። ጭብጦ የመንገደኛ ስንቅ፣ አንዴ ተበልታ የምታልቅ ናት። ሆኖም ትልቋ በሥርዓት ብትወሰድ ይሻለኛል፣ ትንሿን በጉልበት ከምቀማ ይላል ባለጉዳዩ። የጉዳቱ መጠን ሳይሆን የመጣበት መንገድ ነው የሚያንገበግበው። «የተማረ ይግደለኝ»ን ከዚች አባባል አጠገብ ሳነባት ነገሯ ከትምህርት ቤት ይልቅ ለፍርድ ቤት የቀረበ ይመስለኛል። ብዙ ሰው የዲፕሎማ ውዳሴ አድርጎ ይወስዳታል፤ እኔ ግን የፍርድ ጥያቄ ናት ባይ ነኝ።

ለዚህ ምክንያት አለኝ። በቀድሞው ዘመን «የተማረ» ማለት ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት የዋለ ማለት ነበር። ከመጽሐፍ ቤቱ ትምህርት አንዱ ፍትሐ ነገሥት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ አንድ የቅብጥ ሊቅ በዓረብኛ ያዘጋጀው፣ ኋላ ወደ ግእዝ ተመልሶ የኢትዮጵያ ነገሥታት የፈረዱበት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በየሰው እጅ አልነበረም፣ ቋንቋውም ግእዝ ነው። ስለዚህ የሞት ፍርድ የንጉሡ ሥልጣን ቢሆንም፣ ሊቃውንቱ በችሎቱ ቆመው አንቀጹን እያነበቡ ይተረጉሙ ነበር። በአንድ ሰው ነፍስ ላይ ከሚፈረድበት ቦታ የተማረ ሰው አለ ማለት ነው። ከሌለ ደግሞ የአካባቢው ሹም እንደ ስሜቱ ይፈርዳል። ለተከሳሹ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የነፍስ ልዩነት ነው። የተማረው ቢፈርድበትም አንቀጽ ይጠቅሳል፣ ምክንያት ይሰጣል፣ ወሰን ያውቃል። የአባባሏ ሥር እዚህ አካባቢ እንደሆነ አምናለሁ።

ከአድዋ ድል በኋላ ባሉት ዓመታት «የተማረ» የሚለው ቃል ባለቤት ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቤተ ክህነቱን ላለማስቆጣት መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች መጡ። በዚያው ዘመን ከውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ጥቂት ሰዎች ብቅ አሉ። ሕግን፣ ኢኮኖሚን፣ ትምህርትን አንድ ላይ ያሰቡ፣ ሦስቱን ለይቶ ማሰብ የማይቻል መሆኑን የተረዱ ነበሩ። ከእነሱ መካከል አባባሏን ገልብጦ ያሳየን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው።

ገብረ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1886 አድዋ አካባቢ ተወለደ። በልጅነቱ ከምፅዋ በመርከብ ተሳፍሮ አውሮፓ ገባ፣ በኦስትሪያ ቤተሰብ እጅ አደገ፣ በበርሊን ሕክምና ተማረ። አገሩ ሲመለስ ግን የሕዝብ ድህነት በለጠበትና ስለ መንግሥትና ስለ ገንዘብ ይጽፍ ጀመር። የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኖ ሠርቷል፤ ይህ ሥራው ትልቅ ነገር አስተምሮታል ብዬ እገምታለሁ። በድሬዳዋ ጉምሩክ በር የቆመ ሰው አገሩ ምን አውጥታ ምን እንደምታስገባ በዓይኑ ያያል። ቡናና ቆዳ ይወጣል፣ ጨርቅና ዕቃ ይገባል።

ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ያቀረበው ሐሳብ ዛሬ ሲነበብ ይገርማል። የሀብት ምንጭ በዕውቀት የታገዘ ድካም ነው ይላል። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሚሠራውን ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ቀን ይሠራዋል። ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ ያልተማረው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ሥራ ይዞ ይመለሳል። ሰይፍ ያነሣ የለም፣ የተገደደም የለም፤ በውዴታ ተገበያይተው አንዱ ይደኸያል። የላቲን አሜሪካ ምሁራን ስለ ጥገኝነትና ስላልተመጣጠነ ንግድ የጻፉት ከእሱ ብዙ ዓመታት ዘግይተው ነው። በ33 ዓመቱ የሞተ ሰው ይህን ጽፎ ማለፉን ሳስብ፣ በየኢኮኖሚክስ ክፍሉ ስሙ ከአዳም ስሚዝ ቀጥሎ አለመጠራቱ ያናድደኛል።

እንግዲህ ገብረ ሕይወት «የተማረ ይግደለኝ» ሲባል ቢሰማ ፈገግ የሚል አይመስለኝም። ለአንድ ሰው የምትጥመው አባባል ለአንድ አገር አደጋ ናት። የተማረው አገር ያልተማረውን በእርግጥ ይገድለዋል፤ መጀመሪያ በገበያ፣ ቀጥሎ በመድፍ። ነፃነት ያለ ዕውቀትና ያለ ሀብት አይጸናም የሚለው ሐሳቡ የመጽሐፉ አከርካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ደግሞ መድኃኒቱን ዘርዝሯል፤ ግብር ተቆርጦ ይታወቅ፣ ሕግ ተጽፎ ይሰብሰብ፣ ጦሩ በዘመናዊ ሥልጠና ይደራጅ፣ የአገር ገንዘብ ይኑር፣ የሃይማኖት ነፃነት ይከበር። ወታደር በገባሩ ላይ ተጭኖ የሚኖርበትን ሥርዓት አጥብቆ ነቅፎታል። ገበሬው ነገ ምን እንደሚወሰድበት ካላወቀ ትርፍ ለማምረት ለምን ይደክማል? የጭብጦዋ ተረት እዚህ የኢኮኖሚ ሐሳብ ሆና ተመልሳለች፤ ብዙም ይሁን ትንሽ፣ በታወቀ ሕግ ይወሰድ።

ሕግ ይጻፍ የሚለውን ወደ ተግባር ያመጣው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። ሩሲያ ያደገ፣ የመድፈኛ ትምህርት የተማረ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፈ ሰው ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የእሱ ረቂቅ ነበር። አርአያው እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው፤ ያን ጊዜ የነበሩ የኢትዮጵያ ምሁራን ዓይናቸው ከጃፓን ላይ አልተነሣም ነበር። ከ55ቱ አንቀጾች አንዱ፣ 32ኛው፣ ለኛ ወግ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጣሉ ይላል።

«እስኪበቃ ድረስ» ማለት እስኪነቃ፣ እስኪማር ድረስ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ያወቀ ይወስንልህ። ነገር ግን መኳንንቱ ተምረው ነበር ወይ? አብዛኛዎቹ እንደ ሕዝቡ ሁሉ ዘመናዊውን ትምህርት ያላዩ ናቸው። ስለዚህ አንቀጹ በተማረው ስም ሥልጣኑን ላለው ሰጠ። ከ26 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥም ለዕጩነት የተጠየቀው ርስት ወይም ንብረት ነበር። ሰው ተምሮ ንብረት ከሌለው መወዳደር አይችልም፣ ንብረት ኖሮት ካልተማረ ይችላል። በአፍ «የተማረ» ስንል በወረቀት «ያለው» እንላለን፤ ይህን ልዩነት የሚያነሣ ጽሑፍ ብዙ አላየሁም።

በትምህርት በኩል ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሳይጠሩ ማለፍ ነውር ነው። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1868 ሕፃን ሳለ የእንግሊዝ መኮንን ይዞት ሄደ፤ ህንድ አድጎ ሐኪም ሆነ፤ ከአድዋ ድል በኋላ አገሩንና ዘመዶቹን ፈልጎ መጣ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1925 ሲከፈት ከመሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ነፃ ለወጡ ባሪያዎች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በሐረርጌ ያለችውን ጨርጨርን ሲያስተዳድር የአዲስ አስተዳደር ናሙና ሊያደርጋት ደከመ። ለእሱ የተማረ ሰው የሚመዘነው መንገድ በማስጠረግና ልጅ በማስተማር ነበር።

ታሪክ ግን አባባሏን ያለ ምንም ቀልድ ቃል በቃል ፈጸማት። የሮም መንግሥት የመርዝ ጋዝ ይዞ መጣ፤ ገብረ ሕይወት የፈራው ይኸው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡን ፈጁት፤ ፊደል የቆጠረውን ወጣት ደግሞ እየለዩ አደኑት። ሐኪም ወርቅነህ ለንደን በኢትዮጵያ መልእክተኛነት ሳለ ልጆቹ ዮሴፍና ቢንያም ተገደሉ። በሌላ በኩል የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በሮም ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከወራሪው ጎን ቆሞ «አፈ ቄሣር» ተባለ። ያ ሁሉ የአማርኛ ችሎታ! ትምህርት ለሰውየው ወሰን ያስይዘዋል የሚለው የአባባሏ እምነት እዚህ ላይ ተሰነጠቀ።

ከዚያ በኋላ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ያፈራቸው ልጆች፣ «መሬት ለአራሹ» ብለው አብረው የተሰለፉት፣ ተከፋፍለው መጽሐፍ እየጠቀሱ ተጨራረሱ፤ ደርግም በቀይ ሽብር ጨረሳቸው። የዚያ ትውልድ ሰዎች ዘንድ አባባሏ ሲነሣ ፈገግታ የማይታየው ለዚህ ነው። በእነሱ ፊት በቀልድ አለመጠቀም ይሻላል።

ዛሬ አባባሏ በሦስት ድምፅ ትነገራለች፤ ትርጉሟን የሚወስነውም ድምፁ ነው። ሞቅ ባለ ድምፅ፣ «የ-ተ-ማ-ረ ይግደለኝ!» ሲባል ንጹሕ ምስጋና ነው፤ ሥራውን ለሚያውቅ፣ በትሕትና ለሚያስረዳ ሰው ይሰጣል። ተቀባዩ የግድ ዲግሪ አያስፈልገውም። ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ የሁለት ጎረቤታሞችን የወሰን ጠብ በጥበብ ሲፈቱ «የተማረ ይግደለኝ» ሲባልላቸው ሰምቻለሁ፤ እጅግ ትክክለኛ አጠቃቀም ነው። በተጎተተ ድምፅ፣ «እህህ፣ የተማረ ይግደለኝ አሉ» ሲባል ሽሙጥ ነው፤ ማዕረጉ ረዝሞ ሥራው ላጠረበት ሰው። ሦስተኛው የተቆረጠ ነው፦ «የተማረማ ገደለኝ።» ይህ ቅሬታ ነው። የቢሮ ደጅ ለጠናበት፣ በማይገባው ቋንቋ ተጽፎ የተሰጠውን ደብዳቤ ይዞ ለሚመለስ ባለጉዳይ የተሰፋ ነው።

ለታላቅ ሰው ፊት ለፊት ሲነገር «የተማረ ይግደለኝ፣ ጋሼ» ብሎ ማክበሪያ መጨመር ደንብ ነው። ለራስ ግን አይባልም፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ስለ ራሱ ቢላት ሰፈሩ ለሳምንት ይስቅበታል።