በየጎመኑ መደብ በከንቱ የምትገደለው ዝንብ

በሐረር ግቢዎችና በድሬዳዋ የመስኖ ጓሮዎች አበባ ፊት አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ቢጫና ጥቁር ቀለበት ያላት ትንሽ በራሪ አለች። «ተርብ ናት፣ ትነድፋለች!» እያለ በነጠላ ጫማ የሚያባርራት ሰው አይታጣም። ዝንብ ናት፤ መንደፊያ የላትም።

መልኳ ቢያታልልም መለየት አይከብድም። ንብና ተርብ አራት ክንፍ አላቸው፤ እሷ ሁለት ብቻ። አንቴናዋ በጣም አጭር ነው። ትልልቅ ዓይኖቿ ፊቷን ይሸፍኑታል፤ የወንዱ አናት ላይ ይገጥማሉ፣ የሴቷ ይራራቃሉ።

«እንዲህ ያሉ ዝንቦች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው» የሚለውም አያስኬድም። ኢንተርኔት ላይ የሚበዛው ፎቶ ኤፒሲርፈስ ባልቴተስ የተባለችው ዝርያ ነው፤ በእያንዳንዱ ብርቱካንማ ቀለበቷ ላይ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። አገሯ አውሮፓ፣ እስያና ሰሜን አፍሪካ ነው። በአፍሪካ በሰፊው የምትገኘው ሌላዋ ዝርያ፣ ኢስኪዮዶን ኤጂፕቲየስ ናት፤ ስርጭቷ እስከ ደቡብ ስፔን ይደርሳል። ወንዱ በኋላ እግሩ መነሻ ላይ ትንሽ ሹል ዘንግ አለው፤ በአጉሊ መነጽር ይታያል።

«ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ትፈለፈላለች» የሚባለው ኤሪስታሊስ ቴናክስ ለተባለችው ዝርያና ለቅርብ ዘመዶቿ እንጂ ለሁሉም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። ጎመን ላይ ትል የታየ እንደሆነ ወዲያው መርጫ ይነሳል። መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጡ! ተባይ የሆነው የጎመን ትል ግልጽ ራስና እግሮች አሉት፤ ቅጠሉንም ይበሳሳል። የዚህች ዝንብ እጭ ግን እግር የለውም፤ ፊቱ ሾጣጣ፣ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ነው፤ የሚገኘውም ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥጥ ደቃቅ ተባይ) መሃል ነው። ክሽክሹን ነክሶ ያነሳል፣ ፈሳሹን ይመጥጣል፣ ባዶ ቆዳውን ይጥላል። አንዱ እጭ አድጎ እስኪጨርስ በመቶዎች የሚቆጠር ይበላል። ነጫጭ፣ ረዘም ያሉና አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ እንቁላሎቿም ክሽክሹ አጠገብ ተጥለው ይገኛሉ።

ማላታይን የተባለው ፀረ ተባይ ሲረጭ ክሽክሹም እጩም ያልቃሉ። የተረፈችው ሴት ክሽክሽ ግን ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ በቀናት ውስጥ ቅጠሉ መልሶ ይሞላል፣ የሚበላው ደግሞ የለም። እጭ ካያችሁ መርጫውን አቁሙ፤ ክሽክሹ የበዛበትን ቅጠል ብቻ፣ እጭ እንደሌለበት አይታችሁ ቁረጡ። መደቡ ዳር ጥቂት ድንብላል ሳይነቀል ያብብ፤ ያደገችው ዝንብ የምትመገበው የአበባ ቀሰምና ብናኝ ነው።