ታራንቱላና ሌሎች ሸረሪቶችን ጎንደር ላይ በቤት ማኖር

ታራንቱላ የሚባሉት ጠጉራም ትልልቅ ሸረሪቶች ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። የአፍሪካዎቹ በአብዛኛው ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ቁጡና ፈጣን ናቸው። ከአሜሪካዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ሲነኩ ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጠጉር ያራግፋሉ። ሴቷ በደንብ ከተያዘች በብዙ ዝርያዎች 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች፤ ወንዱ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቆይም።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ከተማ ናት። ለአብዛኞቹ ታራንቱላዎች ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ስለሚበቃ የቀኑ ሙቀት ይስማማቸዋል። የሚያስቸግረው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ነው። ያን ጊዜ ሸረሪቷ መብላት ትቀንሳለች፣ እድገቷም ይዘገያል። ሳጥኑን ከድንጋይ ግድግዳና ከወለል አርቆ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ማሞቂያ ከመግዛት ይሻላል። ከሳጥን ሥር የሚደረግ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርሶ አይመከርም፤ ጉድጓድ ቆፋሪዋ ሲሞቃት የምትሸሸው ወደ ታች ነውና ወደ ሙቀቱ ተጠግታ ደርቃ ትሞታለች። ብርዱ ሲበረታ፣ ለብ ያለ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሳጥኑ ጎን ማቆም ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ክረምቱ ከብርዱ ይብሳል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ፣ የደረቅ አገር ዝርያ ከያዙ አፈሩን ማርጠብ ይቁም። እርጥበት አየር ካላገኘ ሻጋታ ያመጣል፤ የምግብ ትራፊም በሁለተኛው ቀን ካልወጣ ነጫጭ ጥቃቅን ነፍሳት ይፈሉበታል። በየካቲትና መጋቢት ግን የውኃው ሳህን ቶሎ ስለሚደርቅ በየሁለት ቀኑ መታየት አለበት። ለሳህን የጠርሙስ ክዳን በቂ ነው። ስፖንጅ አይገባበት፤ ይሸታል፣ ይበክላል።

የሳጥኑ ርዝመት ሸረሪቷ እግሯን ስትዘረጋ ከሚሆነው ስፋት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሁን። ለምድር ዝርያዎች፣ ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ከፍታ ከእግር ስፋቷ ከአንድ ተኩል እጥፍ አይብለጥ፤ ከላይ ከወደቀች ስስ የሆነው ሆዷ ይፈነዳል። ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ጎንና ጎኑን በጋለ ምስማር ቢበሱት ያገለግላል። የወንፊት ሽቦ ክዳን ግን ጥፍሯን ይይዝባታል።

አፈሩ ማዳበሪያም ፀረ ተባይም ካልነካው ቦታ ይወሰድ። ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ እርጥብ ሲሆን ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ነፍቶ፣ አንድ አራተኛ ያህል የወንዝ አሸዋ ቀላቅሎ፣ በውስጡ ያሉ ነፍሳትና እንቁላሎች እንዲሞቱ ግማሽ ሰዓት ያህል በምጣድ ማመስ ነው። ሲበርድ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ጠቅጥቀው ይሞሉታል። ካልተጠቀጠቀ ጉድጓዱ ይናዳል።

ለአዋቂ በሳምንት አንድ ፌንጣ ወይም በረሮ፣ ለግልገል በሳምንት ሁለት ትንንሽ ይበቃል፤ መጠኑ ከሸረሪቷ ሆድ አይብለጥ። ከቤት የተያዘ በረሮ መርዝ በልቶ፣ ከማሳ የመጣ ፌንጣ ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል፣ በባልዲ ውስጥ በፉርሽካና በካሮት ራስን ችሎ ማራባት ነው መፍትሔው። የበረሮ መርጫ የሸረሪትም መርዝ ነው። ቤት ሊረጭ ከሆነ ሳጥኑ ቀድሞ ወደ ሌላ ቤት ይዛወር፤ ሽታው ጠፍቶ ክፍሉ በደንብ ሳይናፈስ አይመለስ።

ጀማሪን በጣም የሚያስደነግጠው ቆዳ መጣል ነው። ሸረሪቷ ምግብ ታቆማለች፣ በጀርባዋም ትተኛለች። የሞተች መስሏቸው የሚነካኩ ይገድሏታል። የሞተች ወይም ውኃ የጠማት ብዙውን ጊዜ በሆዷ በኩል እንደሆነች እግሮቿን ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ቆዳ በምትጥልበት ጊዜ ሕያው ፌንጣ ሳጥን ውስጥ ከቀረ፣ ገና ያልጠነከረውን አካሏን ይበላል። ቆዳዋን ከጣለች በኋላ መንከሻ ጥርሷ ነጭ ነው፤ እስኪጠቁር ድረስ፣ ለአዋቂ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ምግብ አይሰጣትም።

ለጀማሪ ከታራንቱላ ይልቅ ግድግዳ ላይ ዝንብ የምታድነው ዘላይ ሸረሪት ትመረጣለች። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ ይበቃታል፤ ጎጆዋን ከላይ ስለምትሠራ በሩ ከታች ይሁን። ቀን ቀን ብርሃን ትፈልጋለች። ከሆዷ ሥር መሐሉ የቀጠነ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ብርቱካናማ ምልክት ያላት ሌላ ዓይነት ሸረሪት ግን መርዛም ናትና አትያዝ።

ቆዳ ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚያቃጥል ቁስል ሲወጣ «ሸረሪት ሸናበት» ይባላል። የሸረሪት ኩስ እንዲህ አያደርግም። እንዲህ ያለ ቁስል ከሚያመጡት አንዱ ቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ የሚያቃጥል ፈሳሽ የሚለቅ ቀይና ጥቁር ትንሽ ጥንዚዛ ነው።

የአፍሪካ ታራንቱላ ንክሻ ብርቱ ሕመምና የጡንቻ መኮማተር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በእጅ አይያዙም፤ በረጅም ወረንጦና በብርጭቆ ይዛወራሉ። የሚያሳክክ ጠጉር ዓይን ከገባ ሳያሹ በንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ከዱር ለመያዝም ሆነ ከውጭ ለማስገባት አስቀድሞ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። ቀይ ጉልበት ያለው የሜክሲኮ ታራንቱላ ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ነው።