ሃውክአይ፦ የሬድ ዴሊሸስ ፖም እናት

ሃውክአይ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የተገኘ የቆየ ጣፋጭ የፖም ዝርያ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ በሰም ተወልውሎ የሚያብረቀርቀው ሬድ ዴሊሸስ ከሱ የወጣ ነው። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባላል፤ እዚህ ግን ልጁን ቀምሶ እናትየው ላይ መፍረድ አያዋጣም።

ነገሩ የተጀመረው በ1870 (እ.ኤ.አ.) ገደማ አዮዋ ውስጥ ፔሩ በምትባል መንደር አጠገብ ነው። አንዳንዶች 1868፣ ሌሎች 1872 ይላሉ። ጄሲ ሃያት የሚባል ኩዌከር የተባለው የክርስትና እምነት ክፍል ተከታይ ገበሬ፣ ከፖም ማሳው መሃል ከመስመር ውጪ የበቀለ ችግኝ አየና ቆረጠው። ችግኙ አቆጠቆጠ። ደግሞ ቆረጠው። አሁንም ሲያቆጠቁጥ፣ "መኖር ካለብህ እንግዲህ ኑር" ብሎ ተወው ይባላል። ዛፉ አድጎ ሲያፈራ ሃያት በግዛቲቱ ቅጽል ስም ሃውክአይ አለው።

ፍሬው ወጥ ቀይ አይደለም። ቢጫ መደብ ላይ ቀይ ሰረዝ ሰረዝ አለበት፤ ታቹ ላይ አምስት ጉብታዎች አሉት። ሲገመጥ ውሃው ይፈሳል፣ ኮምጣጣነቱ እምብዛም ነው፣ መዓዛውም ደስ ይላል።

በ1893 ሃያት ፍሬውን ሚዙሪ ውስጥ ስታርክ የተባለው የችግኝ ድርጅት ወዳዘጋጀው ውድድር ላከ። ክላረንስ ስታርክ አንዴ ገምጦ "ዴሊሸስ!" አለ፤ ጣፋጭ ማለቱ ነው። የላኪው ስምና አድራሻ ግን ጠፍቶ ነበር ይባላል። ደግነቱ በዓመቱ ሃያት ደግሞ ላከ። ድርጅቱም መብቱን ገዝቶ ዴሊሸስ ብሎ ሸጠው። "ሬድ" (ቀይ) የተጨመረበት በ1914 ጎልደን ዴሊሸስ የተባለው ቢጫ ፖም ከመጣ በኋላ ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኒው ጀርሲ ውስጥ የአንድ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቀድሞ ቀይ ፍሬ ሰጠ። ፖም የሚባዛው ቅርንጫፉን ቆርጦ ሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅ ስለሆነ ያንን ቅርንጫፍ ወስዶ ማብዛት ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ የተመረጠው ሁሉ ቅላቱ እየታየ ነው። ቆዳው ወፈረ። ቅላቱ ቀድሞ ስለሚመጣ ሳይበስልም ይለቀም ጀመር። ጣዕሙ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በ1980ዎቹ ከዋሽንግተን ግዛት የፖም ምርት ሦስት አራተኛው ሬድ ዴሊሸስ ነበር፤ በ2018 ግን ጋላ የተባለው ፖም የአሜሪካን የምርት አንደኝነት ነጠቀው።

በ1940 ድንገተኛ ውርጭ የሃያትን ዛፍ ገደለው። ከሥሩ ግን እንደገና አቆጠቆጠ።