ቡና ያቆማቸው፦ የጅማና የአጋሮ መንገድ አሮጌ ሕንፃዎች

ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብዙ ተጽፏል። ስለ ጅማ አሮጌ የቡና መጋዘኖች፣ መቀሸሪያዎችና መፈልፈያዎች ግን አንድ ላይ የተሰበሰበ ጽሑፍ ማግኘት ይቸግራል። ይህን ያጠናቀርኩት ለዚያ ነው። ግማሹ የታወቀ ታሪክ ነው፣ ግማሹ ከአስፋልት ወጣ ብዬ በዓይኔ ያየሁት።

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከከተማው የሚቀድመው ገበያው ነው። የሂርማታ ሐሙስ ገበያ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበር፤ ቡና፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ያሳዝናል እንጂ ባሪያም ጭምር ይሸጥበት ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870 ዓ.ም. ነግሠው ከ50 ዓመት በላይ ገዝተዋል። ለምኒልክ በሰላም ገብረው አገራቸውን ከጥፋት አተረፉ። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ፋብሪካ አይደለም፣ ግን የጅማ አናጢ በእንጨት ምን መሥራት እንደሚችል ለማየት ከዚያ መጀመር ነው። ሰፊ በረንዳውን ብቻ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ጊዜ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት። ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር የዚያ ዘመን ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመኪና መንገድም ያኔ ነው የተዘረጋው። አሁን ጅማ ውስጥ ወፍራም ግድግዳ ያለው ሁሉ «የጣልያን ቤት» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1940ዎቹ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወጣ ነጋዴውም ገንዘብ ያዘ፣ መጋዘንና ፎቅ ሠራ። የራሳችን ሰዎች በቡና ብር የሠሩትን ሁሉ ለወራሪ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙው የመንግሥት ሆነ፤ በሊሙ በኩል ያሉት ትልልቅ እርሻዎችም የመንግሥት እርሻ ሆኑ።

ከከተማ ወጥታችሁ ወደ አጋሮ ስትሄዱ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልቱን ትታችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። ሁለት ዓይነት ሕንፃ ታገኛላችሁ። የጀንፈል ቡና፣ ማለትም ከነቆዳው የደረቀው፣ ገለባው የሚወልቅበት መቀሸሪያ ሜዳ ላይ፣ መንገድ ዳር ነው፤ መኪና ይመጣበታላ። ጣሪያው ከፍ ያለ ቆርቆሮ ሲሆን ውስጡ በአቧራና በኬሻ ሽታ የታፈነ ነው። የእሸት መፈልፈያው ግን ሁልጊዜ ወንዝ አጠገብ፣ ተዳፋት ላይ ነው የሚሠራው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀይ እሸቱ ከላይ ይገባል፣ ማሽኑ ቆዳውን ይገፈዋል፣ ፍሬው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይብላላል፣ ከዚያ በረጅም የሲሚንቶ ቦይ እየታጠበ ይወርድና እንዲደርቅ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ቁልቁለቱ ራሱ የማሽኑ አካል ነው፤ ውሃው ተሸክሞ ያወርደዋል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ድልድይ በተሻገራችሁ ቁጥር ዓይናችሁ ሽቅብ ይሄዳል።

አንድ የተተወ መፈልፈያ ውስጥ ገብቼ ነበር። ገንዳዎቹ ሽበት መስለዋል፣ ቦዩ ውስጥ ሣር በቅሏል። የማሽኑ ጎማ ግን ቦታው ላይ ነው፤ በእጄ ስገፋው ትንሽ ዞረ። በሩ ላይ በከሰል የተሰመረ ቁጥር አለ፣ አራት ቁም ጭረት በአንድ አግድም እየተሰረዘ፣ ከላይ እስከ ታች። የገባው ኬሻ ቆጠራ ነው። ጥበቃው ሽማግሌ «ሌሊት ነበር ሥራው፣ እሸት ካደረ ይበላሻላ» አሉኝ።

መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለየት ያለ ቦታ ይገባዋል። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1967 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ገበሬውን ሲያራቁተው፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ ያወጣው እሱ ነው። 74110፣ 74112 የሚባሉትን ገበሬው ዛሬም በቁጥራቸው ይጠራቸዋል፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። ቢሮዎቹ ተራ ናቸው፣ ግን ያ ሥራ ባይኖር ብዙዎቹ መፈልፈያዎች የሚፈለፍሉት ባጡ ነበር።

አጋሮ አካባቢ ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ አለች፣ ቡና መጀመሪያ ተገኘባት የምትባለው። ከፋዎች የኛ ነው ይላሉ፤ ቦንጋ ላይም የቡና ሙዚየም አላቸው። ይሁንላቸው፤ የጎማ ሰው ግን ይህን ለክርክር አያቀርበውም።

ለመሄድ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ለቀማው ሲሞቅ። የሚሠሩትን መፈልፈያዎች ማታ ከሩቅ በሞተራቸው ድምፅ ታገኟቸዋላችሁ። ጥበቃውን ሳታስፈቅዱ አትግቡ። ካስፈቀዳችሁ ደግሞ ቡና ሳትጠጡ አትወጡም።