«የግብረ መልስ እገዳ» ሲባል የሚታገደው ማን ነው?

ኮራይኔባክቴሪየም ግሉታሚከም የተባለው ባክቴሪያ ላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) የሚሠራው ለራሱ በሚበቃው ልክ ነው። ላይሲንና ትሪዮኒን (ሌላ አሚኖ አሲድ) አብረው ሲበዙ የላይሲንን ሥራ የሚጀምረው አስፓርቶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ላይ ተጣብቀው ያስቆሙታል። የግብረ መልስ እገዳ ይህ ነው። ብዙዎች የኢንዛይሙ ጂን የተዘጋ ይመስላቸዋል፤ የለም፣ ጂኑ ይነበባል፣ ኢንዛይሙም ይመረታል፤ የታገደው ሥራው ብቻ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው ብዙ ላይሲን እንዲሠራ ለሚፈልግ ሰው ጂኑን ማባዛት ብቻውን ብዙም አያዋጣም፤ ኢንዛይሙ ራሱ መለወጥ አለበት። ላይስ-ሲ በተባለው በዚህ ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ስትቀየር በኢንዛይሙ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት 311ኛ ቦታ ያለው ትሪዮኒን በአይሶሉሲን ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ላይሲን ቢከማችም ኢንዛይሙ አይበገርም። ሌላም ብልሃት አለ (እኔ ይበልጥ የምወደው ይህንን ነው)፦ ባክቴሪያው ትሪዮኒን እንዳይሠራ ማድረግ። እገዳው ሁለቱን አብሮ ስለሚፈልግ ላይሲን ብቻውን ብዙም አያስቆመውም፤ ትሪዮኒኑ ግን ተመጥኖ ከውጭ ሊሰጠው ይገባል።